የጎበጠችው ሞለኪውል

(ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን ካቀረብኩት የምሽት ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ኬሚስትሪ እንድናገር ስጋበዝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝን ጥያቄ ይዤ ለመምጣት ወሰንኩ። ስለ ሞለኪውል ክብደት እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጽፌያለሁ፤ ውሃ 18፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44። ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከባዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ለምንድነው እሱ ጋዝ ሆኖ ቀላሉ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀመጠው? መገላበጥ አልነበረበትም?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልጅቷ ልክ ነበረች። በክብደት ብቻ ቢኬድ ኖሮ ውሃ ጋዝ በሆነ ነበር። ባሕርም፣ ደምም፣ የጠዋት ሻይም ባልኖረ ነበር። የዚያን ቀን የሰጠኋት መልስ የተቻኮለ ነበር፤ ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበርና። የዛሬው ንግግሬ ያኔ ልሰጣት ይገባ የነበረው መልስ ነው።

ከጨው ልጀምር። ሁላችንም ትምህርት ቤት የሰማናት ታሪክ አለች። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ተርፎታል፣ ክሎሪን አንድ ጎድሎታል፤ ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ሁለቱም ስምንት ሞላላቸው፣ አለቀ። ይህቺ ታሪክ ለፈተና ትበቃለች። ነገር ግን አቶምን እንደ ሰው ፈላጊና ሰጪ ስለምታደርገው ዋናውን ነገር ትሸፍንብናለች፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳስተምር መኖሬ ይቆጨኛል።

ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ አይለቅም። ከአንድ ሞል (ሞል እንደ ደርዘን ያለ፣ ግን እጅግ ግዙፍ የሆነ የአቶም መቁጠሪያ ነው) የሶዲየም ጋዝ ከእያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ጉልበት ማውጣት አለብን። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚመልስልን 349 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። ሒሳቡን ስሩት፦ 147 ኪሎ ጁል ኪሳራ። በዚህ ንግድ ጨው የሚባል ነገር ባልተገኘ ነበር። ኪሳራውን የሚሸፍነው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ፖዘቲቭ የሆነው የሶዲየም አዮንና ኔጋቲቭ የሆነው የክሎራይድ አዮን (አዮን ማለት ኤሌክትሮን አጥቶ ወይም ተቀብሎ ቻርጅ የያዘ አቶም ነው) ተሳስበው ሲጠጋጉ፣ እያንዳንዱ በስድስት ተቃራኒው ተከቦ ሲደረደር፣ 787 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቀቃል። ጨውን ጨው ያደረገው ይህ መደርደር ነው። ኬሚካዊ ትስስር የምንለው ነገር ሁሉ ሥሩ እዚህ ጋ ነው፦ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተሳስበው ጉልበታቸው ዝቅ ሲል፣ ያ አቀማመጥ ይጸናል።

ይህን በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከአፋር ከሚመጣው ያልተፈጨ ጨው አንዲት ደህና ጠጠር ምረጡና በትንሽ መዶሻ ምቷት። አትጣመምም፣ አትለጠጥም፤ በጠፍጣፋ ለስላሳ ፊት ትሰነጠቃለች። ምቱ አንዱን የአዮን ረድፍ ትንሽ ሲገፋው ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ይገፋፋሉ፣ ጠጠሯ ትከፈላለች። ወርቅ ሠሪ ግን ወርቁን ቀጥቅጦ እንደ ወረቀት ያሳሳዋል፤ በብረታ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ የሁሉም የጋራ ስለሆኑ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ቢንሸራተት የሚገፋፋ ነገር አይመጣም።

ታዲያ 496 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ለምን 50 አልሆነም? ለምን 5000 አልሆነም? ይህን የሚነግረን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ነው።

ምድጃ ዙሪያ ስለ መቀመጥ አስቡ። እሳቱ ኒውክሊየሱ፣ ፕሮቶኖቹ ያሉበት የአቶሙ እምብርት ነው፤ እኛ ኤሌክትሮኖቹ ነን። ከፊታችን ሰው ከተቀመጠ ሙቀቱን ይከልልብናል። ጎን ለጎናችን የተቀመጠ ሰው ግን ብዙም አይከልልብንም። ሶዲየም 11 ፕሮቶኖች አሉት፣ ማለትም እሳቱ 11 እንጨት ነው። አሥሩ ኤሌክትሮኖች ከፊት በሁለት ዙር ተቀምጠዋል፤ አሥራ አንደኛው ብቻውን ሦስተኛው ዙር ላይ ከኋላ ቀርቷል። የሚደርሰው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ በ496 ይነቀላል። ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለመንቀል ብትሞክሩ ግን ከፊት ዙር ነውና 4562 ኪሎ ጁል ያስከፍላችኋል፤ ዘጠኝ እጥፍ። በጨው ውስጥ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያጣው ስምንት ቁጥርን ስለሚወድ አይደለም፣ ሁለተኛውን የሚከፍልለት ስለሌለ ነው።

አሁን በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ ሂዱ። ክሎሪን ጋ ስትደርሱ ፕሮቶኖቹ 17 ሆነዋል። የተጨመሩት ኤሌክትሮኖች የተቀመጡት ግን ጎን ለጎን፣ በዚያው ሦስተኛ ዙር ላይ ነው። እሳቱ በረታ፣ ከፊት የሚከልል ግን አልተጨመረም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ የሶዲየም አቶም ራዲየስ 186 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ሲሆን የክሎሪን 99 ገደማ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይገረማሉ፤ ዕቃው በዛ፣ ቤቱ ጠበበ። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ አዲስ ዙር ስለሚጨመር አቶሙ ይሰፋል፣ የውጭ ኤሌክትሮኑም ይላላል። መንገዱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ኦክስጅን ከናይትሮጅን ቀጥሎ ሳለ ኤሌክትሮኑን የሚለቀው ከናይትሮጅን በቀለለ ጉልበት ነው። አጠቃላይ አቅጣጫው ግን የታመነ ነው።

ምን ያህል የታመነ እንደሆነ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ሠንጠረዡን ሲያወጣ የሚታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። ከአሉሚኒየም በታች ባዶ ቦታ ተወ፤ እዚያ የሚገባው ብረት ገና አልተገኘም አለ፣ እፍጋቱንም በኩብ ሴንቲ ሜትር 5.9 ግራም ገደማ እንደሚሆን ገመተ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ ሲለካው 4.7 ሆነበት። ሜንዴሌየቭ ልኬቱ እንዲደገም አሳሰበ። ብረቱ በደንብ ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ወጣ። አይቶት የማያውቀውን ብረት ካገኘው ሰው በላይ ያውቀው ነበር፤ የሚያውቀው ጎረቤቶቹን ስለነበረ ነው።

ወደ ውሃችን እንመለስ። ውሃ ውስጥ ኤሌክትሮን ነጣቂና ተነጣቂ የለም። አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እንዳስቀመጠው፣ ሁለት አቶሞች አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛሉ፤ ኮቫለንት ቦንድ የምንለው እሱን ነው። በጋራ ማለት ግን እኩል ማለት አይደለም። በብርድ ሌሊት አንድ ጋቢ ለብሰው የተኙ ሁለት ወንድማማቾችን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጋቢው የሁለቱም ነው፤ ጉልበተኛው ግን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ የሌላኛው ጀርባ ይገለጣል።

ይህን የመሳብ ጉልበት ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ እንለዋለን። ላይነስ ፖሊንግ በ1932 መለኪያ አበጀለት። ዛሬ በምንጠቀምበት ሚዛን ፍሎሪን 3.98 ይዞ ቁንጮ ነው፤ ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20። እነዚህም ቁጥሮች ያንኑ የምድጃ ታሪክ ይደግማሉ። ጠባብ የሆነና እሳቱ የበረታ አቶም የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ይስባል። በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ልዩነት 1.24 ነው፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በኦክስጅንና በካርቦን መካከል ደግሞ 0.89። እሱም ትንሽ አይደለም።

የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ጋ ይከብዳል። በውሃም በካርቦን ዳይኦክሳይድም ውስጥ ኦክስጅን ጋቢውን እየጎተተ ነው። ታዲያ ሁለቱ ለምን ተለያዩ?

ዛሬ ፊኛዎች ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ሁለት የተነፉ ፊኛዎችን አፋቸውን አንድ ላይ ሳስር ተመልከቱ፤ ሳላስተካክላቸው በራሳቸው ቀጥ ብለው ፊትና ኋላ ሆኑ። ሦስት ሳስር ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። አራት ሳስርስ? ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣቸው። ሦስቱ እንደ ጉልቻ መሬቱን ረገጡ፣ አራተኛው ወደ ላይ ቆመ። በየሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ አንዱ ሌላውን ገፍቶ የሰፋው ቦታ ይህ ሆኖ ነው። በአንድ አቶም ዙሪያ ያሉ የኤሌክትሮን ጥንዶችም እንዲሁ ይራራቃሉ። ጊለስፒና ናይሆልም የተባሉ ኬሚስቶች በ1957 ለንደን ሆነው ይህን በሥርዓት አስቀመጡት።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ካርቦኑ አራቱንም የውጭ ኤሌክትሮኖቹን ለቦንድ አውሏል፤ ሁለት ከዚህኛው ኦክስጅን ጋር፣ ሁለት ከዚያኛው ጋር። የቀረለት የለም። ስለዚህ የሁለት ፊኛ ጉዳይ ነው፦ ቀጥ ያለ መስመር፣ 180 ዲግሪ። ሁለቱ ኦክስጅኖች ካርቦኑን ግራና ቀኝ በእኩል ጉልበት ይጎትቱታል። ገመድ ጉተታ ላይ ሁለቱ ወገን እኩል ሲሆን ገመዱ ንቅንቅ እንደማይል ሁሉ፣ የሞለኪውሉ ጠቅላላ ፖላሪቲ፣ ማለትም አንዱ ወገን ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ መሆኑ፣ ዜሮ ነው። እያንዳንዱ ቦንድ ፖላር ነው፤ ሞለኪውሉ አይደለም።

ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ ስድስት የውጭ ኤሌክትሮኖች አሉት። ሁለቱን ለሃይድሮጅኖቹ አዋለ፤ አራቱ፣ ማለትም ሁለት ጥንድ፣ ማንንም ሳያስሩ ቀሩ። እነዚህ ሥራ የፈቱ የሚመስሉ ጥንዶች ቦታ ይይዛሉ፤ እንዲያውም ከታሰሩት የበለጠ ይንሰራፋሉ። አራት ፊኛ፣ ሁለቱ ባዶ። ሃይድሮጅኖቹን ገፍተው 104.5 ዲግሪ ላይ ያጎብጧቸዋል። ውሃ የጎበጠች ሞለኪውል ሆነች። ከጎበጠች በኋላ ሁለቱ ጉተታዎች አይጣፉም፣ ይደማመራሉ፤ በአንድ ወገን ኔጋቲቭ፣ በሌላው ፖዘቲቭ። ይህን የሚለካው አሃድ ደባይ ይባላል፣ በፒተር ደባይ ስም፤ የውሃ 1.85 ነው።

እዚህ ላይ መምህራን እንዲሰሙኝ የምፈልገው ነገር አለ። ማበጠሪያ ጸጉር ላይ አሽቶ ከቧንቧ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃን ማጉበጥ ብዙዎቻችን የምናሳየው ሙከራ ነው፤ «የውሃ ሞለኪውል ፖላር ስለሆነ» ብለን እናስረዳለን። እኔ ለዚህ ማስረጃነት መጠቀሙን ትቼዋለሁ። ውሃው የሚጎብጠው በዋናነት ማበጠሪያው የውሃውን መስመር ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚያስይዘው ነው፤ የሞለኪውሎቹ መዞር ብቻውን ያን ያህል አያጎብጠውም። ደስ የሚል ሙከራ ነው፣ አሳዩት፣ ግን ምክንያቱን በልኩ ንገሯቸው። ፖላሪቲን ለማሳየት ማይክሮዌቭ ይሻላል። በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። የጎበጡት የውሃ ሞለኪውሎች አብረውት ሊዞሩ ሲታገሉ ከጎረቤት ጋር ይጋጫሉ፣ ምግቡ ይሞቃል። ከበረዶ ሳጥን ያወጣችሁት ሥጋ ዳር ዳሩ በስሎ መሐሉ በረዶ ሆኖ የሚቀረው፣ በረዶ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ታስረው እንደልብ መዞር ስለማይችሉ ነው።

አሁን መልሱ ቀርቧል። የአንዷ ውሃ ፖዘቲቭ ሃይድሮጅን የሌላዋን ኦክስጅን ባዶ ጥንድ ይይዛል፤ እንዲህ እየተያያዙ ይቀጥላሉ፤ ሃይድሮጅን ቦንድ እንለዋለን። ለማፍላት ይህን መያያዝ መበጠስ አለብን፤ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ፣ እዚህ አዲስ አበባ በከፍታችን ምክንያት 92 ገደማ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የሚያያዝበት እጅ የለውም። 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዛችሁ ብታጠጥሩት እንኳ ሲሞቅ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ይሆናል።

«ታዲያ መጉበጥ በቃ?» ብትሉኝ፣ አልበቃም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ውሰዱ፤ ፍል ውሃ አካባቢ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። እሱም ጎብጧል፤ እንዲያውም ከውሃ ይበልጥ፣ 92 ዲግሪ ላይ። ክብደቱም 34 ነው። ሆኖም የሚፈላው ከዜሮ በታች 60 ላይ ነው። በውስጡ ያለው ድኝ (ሰልፈር) በሠንጠረዡ ከኦክስጅን በታች ያለ ሰፊ አቶም ስለሆነ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲው 2.58 ነው፤ ከሃይድሮጅን ያለው ልዩነት 0.38 ብቻ። ጋቢው እኩል ሊከፈል ምንም አልቀረው። ስለዚህ ውሃን ፈሳሽ ያደረገው ቅርጹና ኦክስጅን በሠንጠረዡ ላይ የተቀመጠበት ቦታ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። አንዱን ብታነሱት ውሃ ይተናል።

የቤታችንን ወጥ ቤት ደግሞ አስቡት። ካርቦንና ሃይድሮጅን ልዩነታቸው 0.35 ነው፤ ዘይትና ቅቤ በአብዛኛው የእነዚህ ረጅም ሰንሰለት ስለሆኑ ፖላር አይደሉም። ውሃ እርስ በርሱ መያያዙን ትቶ እነሱን አያስገባም። በርበሬ ቁሌት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ የሚቀላው፣ ወጡም ሲረጋ ቀዩ ከላይ የሚንሳፈፈው ቀለሙ ዘይት ወዳድ ስለሆነ ነው። የሚያቃጥለውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሚጥሚጣ አፋችሁን ሲያነደው ውሃ ብትጠጡ አይጠቅማችሁም፣ አይብ ግን ያበርዳል። እናቶቻችን አይብን ከክትፎ አጠገብ ያስቀመጡት ይህን በምላሳቸው መርምረው ነው።

ውሃና ቅባትን የሚያስታርቅ ሞለኪውልም በደጃችን ይበቅላል። ሳሙና እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ አያቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። የደረቀውን ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ እጇን ሁለት ሦስቴ ስታንቀሳቅሰው ነጭ አረፋ ገንፍሎ ይነሳል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አንዱ ጫፉ ስኳር ነው፣ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ቦንዶች የተሞላ ውሃ ወዳድ፤ ሌላው ወገኑ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን፣ ቅባት ወዳድ። አንዱ ወገን እድፉን ይይዛል፣ ሌላው ውሃውን። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ያው ሁለት ወገን ያለው ሞለኪውል የሕዋሱን ቅባታማ ሽፋን ይበሳዋል። ለሥራው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። አጠገባችን ባለ ወንዝ፣ ሌላው ሰው አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆም ብሎ በማየቱ።

በመጨረሻ ከአድማጮች ብዙ ጥያቄ መጣ፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከስምጥ ሸለቆ የመጡ አባት ነበሩ። «የልጆቻችን ጥርስ እየበለዘ ነው፤ ውሃው ፍሎራይድ አለው ይሉናል። ብናፈላው ይጠፋል?» አሉኝ።

አይጠፋም፤ እንዲያውም ይብሳል። ፍሎራይድ እንደ ጨው አዮን ነው፤ በውሃ ሞለኪውሎች ተከብቦ ታስሯል። ስታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ በቀረው ውሃ ውስጥም ይበዛል። ማፍላት ለጀርም እንጂ ለዚህ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው ፍሎራይድ ካልሲየም ቢያገኝ ከሱ ጋር ተጣብቆ በዘቀጠ ነበር፤ የዚያ ውሃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ከዚያ ልጅ ይጠጣዋል፣ በማደግ ላይ ባለ ጥርሱም ውስጥ ካልሲየሙን ያገኘዋል። ጥርስና አጥንት በተሠሩበት ማዕድን ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሚባል አዮን የሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ አለ። ፍሎራይድ ራዲየሱ 133 ፒኮሜትር፣ ከሃይድሮክሳይድ ብዙ የማይለይ፣ ቻርጁም ያው አንድ ኔጋቲቭ፤ ስለዚህ ቦታውን ይወርሳል። የጨው ክሎራይድ 181 ስለሆነ እንዲያ በቀላሉ አይገባም። በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ገና የሚሠራውን ጥርስ ያበላሻል፣ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣም አጥንት ይጎዳል።

ከዚያ ስለ አጥንት ከሰል ነገርኳቸው። የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ይከሰላል፣ ይፈጫል፣ ውሃው በሱ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። በከሰሉ ውስጥ የቀረው የአጥንት ማዕድን ሃይድሮክሳይዱን እየለቀቀ ፍሎራይዱን ይይዛል፤ በልጆቹ ጥርስ ላይ የሚሆነው ያው መተካካት ማጣሪያው ውስጥ ይፈጸማል። ከሰሉ ግን ይጠግባል፤ የጠገበውን በዓይን ስለማይታይ ውሃውን እያስለኩ በወቅቱ መቀየር ያስፈልጋል። እኚህ አባት ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ይጠግባል» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመሩባት፤ ቀጥለውም ልኬቱን የት ማስደረግ እንደሚቻል ጠየቁኝ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ስለዚያ ስንነጋገር ቆየን።